ግድግዳው ሳይታይ ዋጋ አይቆረጥም፦ በጎንደር በቤተሰብ የሚሠራ የቤት ቀለም

ጥምቀትና የጥር ሠርግ ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ቀለም ቀቢ ይፈለጋል። ባለቤቱ ይደውልና «ሳሎንና ሁለት መኝታ ቤት ነው፤ ስንት ትሉኛላችሁ?» ይላል። በስልክ ዋጋ የሚቆርጥ ቀቢ ወይ ራሱን ይጎዳል፣ ወይ ደንበኛውን። ቀለም ሲላጥ ሰው የሚወቅሰው ቀለሙን ነው፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ነው፦ ያልተፋቀ አሮጌ ኖራ፣ ያልደረቀ ልስን፣ ከመሠረት የሚሳብ እርጥበት፣ ያልታጠበ ጥላሸት። እነዚህ አራቱ ሄዶ በእጅ ካልዳሰሷቸው አይታወቁም። በቤተሰብ ስም የሚሠራ ቀቢ ደግሞ ከዓመት በኋላም በዚያው ሰፈር ነው የሚያልፈው፤ የተላጠው ግድግዳ ስሙን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ጣሳ ከመከፈቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው።

ለማየት ሲኬድ

ሁለት ሰው ቢሄድ ይሻላል፤ አንዱ ይለካል፣ ሌላው ግድግዳውን ይመረምራል። የሚያዘው ሜትር፣ ስፓቱላ፣ ምላጭ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ባትሪ፣ እርሳስና ደብተር ነው።

መጀመሪያ መዳፍን ግድግዳው ላይ ማሸት ነው። ነጭ ዱቄት መዳፍ ላይ ከቀረ፣ ግድግዳው ወይ የኖራ ቅብ ነው፣ ወይ አሮጌው ቀለም አርጅቶ ዱቄት ሆኗል። ቀጥሎ ቀለሙን በምላጭ በመስቀል ቅርጽ መሰንጠቅ፣ ከላዩ የወረቀት ፕላስተር አጥብቆ መለጠፍና በአንድ ጊዜ መንጨት። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ከተነሣ፣ በላዩ የሚቀባው አዲስ ቀለም የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ከአሮጌው ጋር አብሮ ይወርዳል። ይህን ባለቤቱ ፊት ማድረግ ጥሩ ነው። የተነሣውን ቅርፊት በዓይኑ ካየ በኋላ ስለ መፋቂያ ጉልበት ብዙ አይከራከርም።

ልስኑን በጣት አንጓ ማንኳኳትም ያስፈልጋል። ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ከግድግዳው ለቅቋል፤ ተነሥቶ እንደ አዲስ ይለሰናል እንጂ በስቱኮ (ግድግዳ በሚያስተካክለው ስስ መሙያ) አይሸፈንም። ስንጥቅ ካለ ጫፉ ላይ በእርሳስ መስመር አድርጎ ቀኑን መጻፍ። ሥራው እስኪጀመር ስንጥቁ ከመስመሩ ካለፈ ቤቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ይህ የቀቢ ሥራ ስላልሆነ ለባለቤቱ በግልጽ መንገር ይገባል።

እርጥበትን በዓይን ብቻ ማመን አይቻልም። 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ ቆርጦ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጎ ለ24 ሰዓት መተው ነው። ከላስቲኩ ጀርባ የውሃ ጠብታ ከተገኘ ግድግዳው ገና እርጥብ ነው። ሁለት ላስቲክ ቢለጠፍ ምክንያቱም ይታወቃል፤ አንዱ ከወለል 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሌላው ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ። የታችኛው ብቻ ካላበው ውሃው ከመሠረት የሚሳብ ነው። የላይኛው ካላበው ጣራውን፣ አሸንዳውን ወይም በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈውን የውሃ ቧንቧ መፈተሽ ነው።

አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ቢያንስ 28 ቀን ይጠበቃል፤ በክረምት ከዚያም በላይ። ባለቤቱ ለበዓል ይቸኩላል፤ ሲሚንቶ ግን አይቸኩልም። ትኩስ ልስን አልካሊው ኃይለኛ ስለሆነ ዘይት ቀለም ሲነካው ዘይቱ ወደ ሳሙናነት ይለወጣል፤ ቀለሙ ይለሰልሳል፣ ያጣብቃል፣ በኋላም ይላጣል። በፕላስቲክ ቀለም (በውሃ በሚበጠበጠው) ላይ ደግሞ ነጭ ጨው ይወጣል፣ ቀለሙም ቦታ ቦታ ይደበዝዛል። የወጣ ጨው በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል እንጂ በውሃ አይታጠብም፤ ውሃ ጨውን አሟሙቶ ወደ ግድግዳው ይመልሰዋል።

ኖራ፣ ጭቃና ድንጋይ

በጎንደር አሮጌ ሰፈሮች ብዙ ቤት በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ነው፤ ድንጋይ ቤቶችም አሉ። የፋሲል ግንብ ድንጋዮች የተያያዙት በኖራ ነው፤ ኖራ ለዚህ አገር ግድግዳ እንግዳ ነገር አይደለም። ኖራም ጭቃም እርጥበት ያስገባሉ፣ መልሰውም ያስወጣሉ። በላያቸው ውሃ የማያሳልፍ ነገር ሲቀባ መውጫ ያጣው እርጥበት ቀለሙን ከጀርባው ይገፋዋል፣ ያሳብጠዋል፣ ይልጠዋል።

ከዚህ የተነሣ በጭቃ ቤት ላይ በብዛት የሚበላሸው «ወገቡ» ነው። ለመታጠብ እንዲመች ተብሎ ከወለል እስከ አንድ ሜትር ወይም ሜትር ከ20 ድረስ ዘይት ቀለም ይቀባል። ከመሠረት የሚመጣው እርጥበት የሚወጣው ደግሞ በዚያው በታችኛው ክፍል ነው። አንድ ክረምት ሲያልፍ ቀለሙ ያብጣል፣ ሲነካ ከነጭቃው ይወርዳል። ለጭቃ ግድግዳ ወይ ኖራ፣ ወይ የማያብረቀርቅ ፕላስቲክ ቀለም ይበቃዋል። ባለቤቷ «ልጆች ያቆሽሹታል» ካሉ፣ ለታችኛው ክፍል ጠቆር ያለ ቀለም መርጦ በየሁለት ዓመቱ ማደስ ይረክሳል።

ኖራ ሲዘጋጅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ያልጠፋ፣ ማለትም ገና ውሃ ያልነካው ኖራ ከሆነ ሁልጊዜ ኖራው ወደ ውሃው ይጨመራል፤ ውሃ በኖራ ላይ ከተደፋ ይፈላል፣ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ግድ ነው፤ ሕፃናትም አጠገቡ አይደርሱም። ከጠፋ በኋላ ከሥር የሚቀረው ሊጥ በደንብ እንዲበስል ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ውሃ ሳይጎድልበት ይቆያል። ሲቀባ በወንፊት ይጣራና እንደ ወተት እስኪቀጥን ውሃ ይጨመርበታል። ወፍራም ኖራ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። ግድግዳው ቀድሞ በውሃ ይረጥባል፤ ቅቡ ስስ ሆኖ ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ በየመካከሉ አንድ ቀን እያደረ ይቀባል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሆነ በቀትር ፀሐይ ቶሎ ከደረቀ ጥንካሬ አያገኝም። እንዲይዝ ተብሎ ጨው የሚጨምሩ አሉ፤ እርጥበት ባለበት ግድግዳ ግን ጨው ጭራሽ ውሃ ይስባል፣ ቢቀር ይሻላል።

አሮጌ ኖራ ባለበት ግድግዳ ላይ ፕላስቲክ ቀለም ከተፈለገ አቋራጭ የለውም። በውሃ እያራሱ በስፓቱላ መፋቅ፣ በሻካራ ብሩሽ ማጠብ፣ ሲደርቅ መዳፍን እንደገና ማሸት፤ ዱቄት እስኪጠፋ ድረስ። በአንድ ክፍል ላይ ሙሉ ቀን የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ ለብቻው ዋጋ ይጻፍለት።

ስለ ታሪካዊ ቤት አንድ ነገር ማለት ይገባል። የፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፤ ፒያሳ አካባቢ ደግሞ ጣሊያን ከተማዋን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በያዘበት ጊዜ የተሠሩ ሕንፃዎች ቆመዋል። በቅርስነት በተያዘ ወይም በቅርስ ክልል ውስጥ ባለ ቤት ላይ ባለቤቱ ከቅርስና ከከተማው ጽሕፈት ቤት የጽሑፍ ፈቃድ ሳያመጣ ብሩሽ አይነሣም። ጥርብ ድንጋይን በቀለም መሸፈን ደግሞ ፈቃድ ቢኖርም የማይመከር ነው።

ጥላሸት

ማንኛውም የጎንደር ቀቢ የሚያውቀው ቦታ አለ፤ ቡና የሚፈላበት ጥግ። ከረከቦቱ በላይ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ወደ ቡናማ የሚሄድ ክብ አለ፤ የከሰሉ፣ የሚቆላው ቡናና የዕጣኑ ጭስ ለዓመታት ያስቀመጠው። በላዩ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ሲቀባ መጀመሪያ ይጠፋል፤ በማግሥቱ ተመልሶ ይወጣል። ሁለተኛ ሲቀባም ይወጣል። ምክንያቱ ጥላሸቱ ውስጥ ያለው ቅጥራንነት ያለው ነገር በቀለሙ ውሃ ሟምቶ፣ ቀለሙ ሲደርቅ ከውሃው ጋር ወደ ላይ መሳቡ ነው። አምስት ጊዜ ቢቀባም ያው ነው።

መፍትሔው ለብ ባለ ውሃና በዱቄት ሳሙና ከታች ወደ ላይ ማጠብ (ከላይ ከተጀመረ የሚወርደው ውሃ ታች መስመር ይሠራል)፣ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ቆሻሻውን የሚያሽግ አንድ እጅ የማያብረቀርቅ ዘይት ቀለም መቀባት ነው። ይህ 24 ሰዓት ከደረቀ በኋላ ፕላስቲኩ ይከተላል። ከመጀመር በፊት መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ሞክሮ ማሳደር ጊዜ ይቆጥባል። ለማድ ቤትም አሠራሩ ይኸው ነው፤ እንጨት የሚነድበት ከሆነ ግን ለዓመታት የማይነካ ነጭ ለባለቤቱ ቃል መግባት ትክክል አይደለም።

ሻጋታ ሌላ ነው። አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይቀባል፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል፣ ይታጠባል። በረኪና ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይደባለቅም፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። መስኮትም ክፍት ይሁን።

ልኬትና ውል

4 በ4 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.80 የሆነ ክፍል እንውሰድ። የአራቱ ግድግዳ ርዝመት 16 ሜትር፣ በ2.80 ሲባዛ 44.8 ካሬ። በር (0.90 በ2.10) 1.9 ካሬ፣ መስኮት (1.20 በ1.20) 1.4 ካሬ ሲቀነስ 41.5 ካሬ ይቀራል። ሁለት እጅ ሲቀባ 83 ካሬ ነው። ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ወደ 10 ካሬ ይሸፍናል፤ ስለዚህ 8.3 ሊትር፣ ለብክነት 10 በመቶ ተጨምሮ 9 ሊትር ያህል። ሻካራ ልስን ከሆነ አንድ ሊትር ከ6 እስከ 8 ካሬ ብቻ ስለሚሸፍን ወደ 12 ወይም 13 ሊትር ይያዛል። «ጋሎን» ሲባል ልኩ ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ሊትር አንብቦ መቁጠር ነው።

ዋጋው «ጉልበት ብቻ» ነው ወይስ «ከነዕቃው» የሚለው በመጀመሪያው መስመር ይጻፍ። ከዚያ መፋቅ፣ ስቱኮ፣ ቀለም፣ በርና መስኮት ለየብቻ በካሬ ወይም በቁጥር ይቀመጡ። አንድ ላይ የተጠቀለለ ዋጋ ውስጥ የመጀመሪያው የሚደበቀው ዝግጅት ነው፤ ደንበኛው ዋጋ ሲያስቀንስ የሚቀነሰውም እሱ ነው።

ክፍያው በሦስት ቢከፈል ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል፦ ቀብድ ዕቃ ሲገዛ፣ ሁለተኛው ዝግጅቱ ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ሲረከቡ። መካከለኛውን አጥብቀን እንመክራለን። ግድግዳው ተፍቆ፣ ስቱኮው ተሞርዶ፣ አቧራው ተጠርጎ ሳለ ባለቤቱ መጥቶ ይየው፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ማንም ሊያየው አይችልም።

ቀለሙ በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ ከተቻለ አንድ ዓይነት የምርት ቁጥር ካለው ይገዛ። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ጣሳዎች ትንሽ ሊለያዩ ስለሚችሉ ለአንድ ክፍል የሚሆነውን ሁሉ በትልቅ ባልዲ አንድ ላይ ማዋሐድ ነው። ዘይት ቀለም ሲመረጥ እርሳስን ማሰብ ያስፈልጋል፤ በአገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) መብለጥ የለበትም። ያረጀ ዘይት ቀለም ግን ከደንቡ በፊት የነበረ ሊሆን ስለሚችል በደረቁ አይሞረድም። በውሃ ታርሶ ይሞረዳል፣ ዝቃጩ ተሰብስቦ ይጣላል፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ከቤቱ ይርቃሉ።

ቤተሰቡ ሥራውን ሲከፋፈል

ዋጋ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አባት አንድ ዋጋ፣ ልጅ ሌላ ዋጋ ከተናገሩ ደንበኛው ዝቅተኛውን ይይዛል፣ ጭቅጭቁም እቤት ይገባል። ደብተሩን የሚይዘው ሌላ ሰው ቢሆን መልካም ነው፤ የገባ ቀብድ፣ የተገዛ ዕቃ፣ የተሠራ ቀን በየማታው ይጻፋል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ፣ ልጅም ቢሆን ሚስትም ብትሆን፣ የቀን ክፍያ ይቆረጥለታል፤ ትርፍ የሚባለው ያ ከተከፈለ በኋላ የቀረው ነው። «የቤታችን ሥራ ነው» ተብሎ ሳይከፈለው የሚሠራ ወጣት ሙያውን በተማረ ማግሥት ሌላ ዘንድ ይቀጠራል፤ ሊፈረድበትም አይገባም።

ሥራው ላይ ቤተሰብ ከማንም የሚበልጥበት ነገር ጥንድ ሆኖ መሥራት ነው። አንዱ ማዕዘኑንና ጠርዙን በብሩሽ ያወጣል፣ ሌላው ከኋላው ተከትሎ በሮለር ይሞላል። በጎንደር የበጋ አየር ደረቅ ስለሆነ ቀለም ቶሎ ይደርቃል፤ ጠርዙ ቀድሞ ደርቆ ሮለሩ ዘግይቶ ከመጣ ዙሪያውን እንደ ፍሬም ያለ ጠቆር ያለ መስመር ይቀራል። ስለዚህ ጠርዝ የሚያወጣው ከሮለሩ ከሁለት ሜትር በላይ አይቀድምም። አንድ ግድግዳ ከተጀመረ እስከ ማዕዘኑ ሳያልቅ ለምሳ አይወረድም።

ከውስጥ ሲቀባ

ዕቃው ይወጣል ወይም መሐል ተሰብስቦ በላስቲክ ይሸፈናል። የመብራት ቆጣሪው ይጠፋል፣ የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ክዳኖች ይፈታሉ። ቅደም ተከተሉ ኮርኒስ፣ ግድግዳ፣ በርና መስኮት፣ በመጨረሻ ዞኮሎ (ከወለሉ ጋር የሚገናኘው የግድግዳ ግርጌ) ነው። አቡጀዲ ኮርኒስ ካለ ስቱኮ አይጫንበትም፤ ክብደቱን አይችልም። ስስ ፕላስቲክ ቀለም ይበቃዋል፤ ሲረጥብ ቢረግብ ሲደርቅ ይወጠራል።

ስቱኮ ስስ ሆኖ ሁለት ጊዜ ይደረጋል፤ አንዱ እጅ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም። በአንድ ጊዜ የተከመረ ስቱኮ ከላይ ደርቆ ከሥር እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ትናንሽ ስንጥቆች በስፓቱላ ጫፍ ተከፍተው፣ ተጠርገውና ታርሰው ይሞላሉ። ሲደርቅ በ120 ወይም በ150 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል። ባትሪን ግድግዳው ላይ አስጠግቶ በጎን ማብራት በቀን ብርሃን የማይታየውን ጉብታና ጭረት ያወጣዋል። አፍንጫና አፍ በጭምብል ይሸፈን። አቧራው በደረቅ ብሩሽ፣ ከዚያ በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል፤ በአቧራ ላይ የተቀባ ቀለም የያዘው አቧራውን ነው።

የመጀመሪያው እጅ እንዲመጠጥ ከ20 በመቶ ያህል ውሃ ጋር ይቀጥናል፣ የመጨረሻው ከ5 እስከ 10 በመቶ፤ ጣሳው ሌላ ካለ ጣሳው ይበልጣል። በሁለቱ መካከል በበጋ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይበቃል፤ በክረምት ቢያድር ይመረጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለመበጥበጫና ለማጠቢያ የሚሆን በርሜል አስቀድሞ ይሞላ፤ ጭቃማ ውሃ ነጭ ቀለምን ያደፈርሳል።

ውጭ፣ ፀሐይና ወቅት

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የፀሐይ ጨረሩ ኃይለኛ ነው። ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ ቶሎ ይገረጣሉ፤ ከብረት ኦክሳይድ የሚሠሩት የአፈር ቀለሞች፣ ማለትም ክሬም ቢጫ፣ ሸክላማና ቡናማ፣ ብዙ ይቆያሉ። የውጭ ሥራ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይያዝ፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ የጠጣ ግድግዳ መስከረም ላይ ዝናቡ ስለቆመ ብቻ ደርቋል ማለት አይደለም። ክረምት ለውስጥ ሥራ፣ ለበርና ለመስኮት ይተው።

ጥላን መከተል ነው፤ ወደ ምዕራብ የሚያይ ግድግዳ ጠዋት፣ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ከሰዓት በኋላ። በጋለ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ግድግዳውን ሳይዝ ይደርቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝና ጤዛ ስለሚወርድ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የውጭ ቅብ ይቁም። በስቱኮ ፋንታ ለውጭ በሲሚንቶ የተሠራ መሙያ ይጠቀሙ፤ የጄሶ ስቱኮ ዝናብ ሲነካው ይፈርሳል። ከመሬት እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ያለው ክፍል የዝናብ ፍንጣቂ የሚመታው ስለሆነ ኳርትዝ (አሸዋማ የውጭ ቅብ) ቢቀባ ይቋቋማል። አሸንዳው ሳይጠገን ግን ኳርትዝም አያድነውም።

መሰላል ሲቆም ለ4 ሜትር ከፍታ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ታች የሚይዝ ሰው ይኑር። የመብራት ሽቦ በሚገባበት ጥግ በብረት መሰላል አይሠራም።

በርና መስኮት

የላሜራ በር ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይወገዳል፣ ቅባቱ በቀጭን (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ይጠረጋል፣ በዚያው ቀን አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባል፤ ያደረ ባዶ ብረት መልሶ መዛግ ይጀምራል። በማግሥቱ ሁለተኛ አንቲረስት፣ ከዚያ ሁለት ስስ እጅ ዘይት ቀለም፣ በየመካከሉ 24 ሰዓትና በ220 ቁጥር ቀለል ያለ ሙረዳ። የሚንጠባጠበው ወፍራም ሲሆን ነው። የበሩ የታችኛውና የላይኛው ጠርዝ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ዝገትም ሆነ የእንጨት መንፋት የሚጀምረው ከዚያ ነው። የዘይት ቀለም ብሩሽ የታጠበበት ቀጭን በጣሳ ይቀመጥ፣ ሲጠልል እንደገና ይሠራል። ቦይ ውስጥ የተደፋው መጨረሻው ቀሃና አንገረብ ወንዝ ነው።

ማስረከብ

ርክክቡ ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ አንዱ በቀን ብርሃን፣ አንዱ ማታ መብራት በርቶ። ጉድለቱ በወረቀት ፕላስተር ቁራጭ ምልክት ይደረግበታል፤ ሁሉም ተስተካክሎ ቁራጮቹ ሲነሡ የመጨረሻው ክፍያ ይፈጸማል። ከእያንዳንዱ ቀለም ግማሽ ሊትር ያህል በታሸገ ዕቃ ለባለቤቱ ይተው፤ በላዩ የቀለሙ ስምና ቁጥር፣ የተቀባው ክፍልና ቀኑ ይጻፍ። ግድግዳው ለአንድ ወር ያህል በሳሙና አይታጠብም፤ ቀለሙ በእጅ ሲነካ ቢደርቅም ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከሳምንታት በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ፣ በጥቅምት አካባቢ፣ አንድ የቤተሰቡ አባል ሄዶ የታችኛውን ክፍልና የመስኮት ሥሩን ይይ፤ ያበጠ ቦታ ካለ ገና መዳፍ ሲያህል ቢጠገን የሚፈጀው ግማሽ ቀን ነው።